ስለ ላኩልኝ ቡላ

ቦንጋ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለዙፋን እናት፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ሆድዎ እንዴት ነው? ሆድዎን የጠየቅኩት ለወግ እንዳይመስልዎት፣ የምሬን ነው፤ ወደ ታች ሲደርሱ ይገባዎታል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደግሞ እንደ ድሮው አፌ ብቻ አይደለም፣ እውነት ደህና ነኝ። ዝናቡ ገና ቦንጋን አልለቀቀም፤ ባጃጄ ግን እንደ ሙሽራ ታጥባ ነው የምትወጣው። ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲ እኔን የሚቀድም የለም፣ ያሻዎትን ሰው ይጠይቁ።

ያልደወልኩልዎት ስልክ ላይ አፌ ስለሚቀድመኝ ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ እስክሪብቶ ስይዝ ግን ቀስ ብዬ አስባለሁ። እርስዎ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብ ተምረው እስከዛሬ ዳዊት እንደሚደግሙ ዙፋን ነግራኛለች። ስለዚህ ይሄን ብቻዎን ሆነው ያንብቡልኝ። ለዙፋንም ቢሆን አያሳዩብኝ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ጋሽ ኃይለመስቀል ሽማግሌ ሆነው ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ በመጨረሻ "ልጁ ይምጣና እንየው" ስትሉ አዲስ ጫማ አድርጌ ዋጫ እናንተ ቤት መጣሁ። እርስዎ ቆጮውን በሁለት እጅዎ አቅርበው "ብላ ልጄ" አሉኝ። እኔ ባለጌው ምን አልኩ? "ቆጮ አልበላም፣ ሥጋውን ብቻ ስጡኝ። ቆጮ ሆድ ይሞላል እንጂ ሰው አያደርግም።" ጋሽ ኃይለመስቀል በክርናቸው ጎኔን ሲወጉኝ እንኳን አልገባኝም። ዳቦውን በማር ሲያቀርቡልኝም ገፋሁት። እርስዎ አልተቆጡም። ቆጮውን በኮባ ቅጠል መልሰው ሸፍነው "ይሁን፣ የሚስማማህን ብላ" አሉኝ፣ በቃ።

ስንመለስ ጋሽ ኃይለመስቀል መንገዱን ሙሉ ተቆጡኝ። "አንተ፣ የሴትዮዋን የስንት ዓመት ልፋት ነው የገፋኸው! አሁን ልጅቷን ቢከለክሉህ ማንን ልትከስ ነው?" አሉኝ። "ሌላ ሞልቷል" አልኳቸው። ውሸቴን ነው። ዙፋንን ካጣሁ የቦንጋን መንገድ እንኳን እረሳዋለሁ፣ ወደ ግራ መታጠፍ ራሱ ይጠፋብኛል።

እንዲያ ያልኩበትን ልንገርዎት። ሆዴን ካመመኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ማር በጣሳ የምጨልጥ ጎረምሳ "ሆዴን አመመኝ" ይላል እንዴ? ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተሳፋሪ ጭኜ መሃል መንገድ ላይ... ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ለእናት አይጻፍም። ሌላው ሹፌር ተሳፋሪ የሚገኝበትን ቦታ ያውቃል፤ እኔ ሽንት ቤት ያለበትን ቤት ሁሉ በቃሌ አውቃለሁ። የጃርዲያ መድኃኒት አራቴ ዋጥኩ፣ የጨጓራም፣ የታይፎይድም። ወይ ፍንክች።

ዮሲ የሚባል ጓደኛ አለኝ፤ በጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት የሚያነሳ። ሆዴን ይዤ ስጎብጥ አይቶ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝና "የሚገድልህ ካርቦ ነው። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቆጮ፣ ድንች፣ ሁሉንም ቁረጥ። አንበሳ ቆጮ ሲበላ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። እኔ ደግሞ አንበሳ ሲባል ደስ ይለኛል። ቆረጥኩ። ሥጋና እንቁላል ብቻ። እናንተ ቤት ስመጣ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ መንፋቱ ቀነሰ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቆይቶ ሆዴ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ከናንተ ቤት በተመለስኩ በአምስተኛው ቀን አንዲት እናት ከገበያ ጭኜ ዳገቱ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። እንደምንም ዳር ይዤ ቆምኩ።

"ልጄ፣ ጾመኛ ነህ ወይስ ሰካራም?" አሉኝ።

"ሁለቱንም አይደለሁም እናቴ፣ አንበሳ ነኝ።"

"እንግዲያው አንበሳው ይረፍ፣ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ" ብለው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። እዚያ ቁጭ ብዬ ልቅሶዬ መጣ።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ደሜንም ሰገራዬንም አስመርምሮ "ትልም ቁስልም የለብህም፤ የሚቆጣ አንጀት ነው ያለህ" አለና ስለ አመጋገብ ወደምትመክር ነርስ ላከኝ፣ ሲስተር ዘርትሁን ትባላለች። የዮሲን ነገር ስነግራት "ባጃጅህን ያለ ቤንዚን ትነዳለህ?" አለችኝ። "አልነዳም" አልኳት። "ታዲያ ራስህን ለምን ያለ ኃይል ሰጪ ምግብ ትነዳለህ? ሁሉም ጠላትህ አይደለም። አንዱ ያስቆጣሃል፣ ሌላው ይስማማሃል፤ የሚስማማህም ሲበዛ ይከፋል። አንድ በአንድ እየመለስን፣ በጭብጥህ ልክ፣ ሦስት ሦስት ቀን እናየዋለን። አንተ ደግሞ ትጽፋለህ። የሆድህን ነገር የሚነግረን ሆድህ ነው፣ የዮሲ ስልክ አይደለም።"

ደብተር ገዛሁ። ከስንት ዓመት በኋላ እኔ ደብተር! ሩዙ ተስማማኝ። ድንቹም። የስንዴ ዳቦው በሁለተኛው ቀን አጣጠፈኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ማሩንማ ባልነግርዎት ይሻለኛል፤ የማር አገር ልጅ ማር ሲከዳው ምን ይላል?

ያኔ ነው የዋጫ ሚኒባስ ሹፌር ጠርቶ በኮባ የተጠቀለለ ቡላና ጎመን ያለበት ትንሽ ማሰሮ "ከዙፋን እናት ነው" ብሎ የሰጠኝ። መልእክት የለበትም። ጋሽ ኃይለመስቀልን "ስንብት ነው ወይስ እሺታ?" ብላቸው "እሳቸው እሺም እምቢም አላሉም" አሉኝ።

ገንፎ አድርጌ፣ ጭብጤን ለክቼ በላሁ። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ባጃጄ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ አንድ ነገር የጠፋብኝ መሰለኝ። ኪሴን ዳበስኩ፤ ስልኬ አለ፣ መንጃ ፈቃዴ አለ። ለካ የጠፋው ሕመሙ ነው። ሁለት ዓመት ሲያጉረመርም የኖረ ሆድ ዝም አለ። እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ ጅማ ደርሻለሁ፣ አዲስ አበባም ሁለቴ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አላየሁም። ወርጄ ቆሜ አዳመጥኩት። ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ በአንዴ ጸጥ ሲል እንደሚያስፈራው አስፈራኝ።

ጀግና ነኝ ብዬ በአራተኛው ቀን አንድ ሳህን ሙሉ በላሁና ቀጣኝ። ወደ ጭብጤ ስመለስ ዝምታውም ተመለሰ። አሁን እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ሆዴ ስለማይነፋ ቀበቶዬም በቦታው ነው።

ዙፋንን "ቡላ እንዴት ነው የሚሠራው?" ብላት ሳቀችብኝ። "እንሰት ጓሮ አድገህ አታውቅም?" አላውቅም ነበር። የሴት ሥራ ነው ብዬ ዞሬ አይቼው አላውቅም። እንሰቱ ስድስት ዓመት እንደሚቆም፣ ተፍቆ ተጨምቆ፣ የጭማቂው ውሃ ሲረጋ ከሥር የሚቀረው ነጩ ቡላ እንደሆነ ነገረችኝ። "ከዚያ ሁሉ የሚገኘው ይሄን ታህል ነው" ብላ እጆቿን ገጥማ አሳየችኝ። እናቴ፣ እኔ ዙፋንን ሳላውቅ፣ መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ፣ በእርስዎ ጓሮ ለኔ ሆድ የሚሆን ምግብ ቆሞ ያድግ ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ጸጉሬ ይቆማል። እኔ ደግሞ ሰው አያደርግም አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጎመኑ ሽንኩርት የለበትም። ነጭ ሽንኩርትም የለበትም። ያኔ እኔ ስለ ሽንኩርት ከሲስተር ዘርትሁን በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ ለዙፋንም። ጠየቅኳት፤ "ያቺ ማሰሮ ከድሮም አለች፣ እማዬ ለራሷ ብቻ ነው የምትሠራባት" አለችኝ። እናንተ ቤት የመጣሁ ቀንም ለሁሉም ሲያጎርሱ እጅዎ ወደ አፍዎ ሲሄድ አላየሁም። ሩቅ ለቅሶ አይሄዱም ብሎ ጎረቤት ኩሩ እንደሚልዎት ሰምቻለሁ። እኔ ኩራት ነው አልልም። ሆድ እያጣደፈ፣ ሳይቆም በሚሄድ መኪና ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ አፌን ዘግቻለሁ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ ደጅዎ ድረስ ይመጣል። የፊት ወንበር አስይዣለሁ። ሹፌሩ ወዳጄ ነው፤ "ቁም" ባሉት ቦታ ሁሉ ለምን ሳይል ይቆማል፣ መንገድ ላይም ንጹሕ ሽንት ቤት ያላቸው ሁለት ቤቶች ያውቃል። መናኸሪያ እኔ እጠብቅዎታለሁ። ለሰው "ገበያ ነው" ይበሉ።

ሲስተር ዘርትሁን ጋ ቀጠሮ ስይዝ "ለሁለት ሰው" አልኳት። "ሁለተኛዋ ማን ናት?" አለችኝ።

"እናቴ" አልኳት።

ዋሽቼ ይሁን ሳልዋሽ፣ መልሱ እርስዎ ጋ ነው።

ጓሮዎን ያለምልመው፣ እጅዎን አይንሳን፣ ሆድዎንም እንደኔ ዝም ያሰኝልዎት።

ከፈቀዱለት፣
ልጅዎ