ያጠፋሁት የወንድማማቾች ዋንጫ

ማክሰኞ

አጠፋሁት። ሙሉውን። የጨዋታው ውጤት የሚቀመጥበትን ሚሞሪ ካርድ ስሰካ ማሽኑ «ፎርማት ይደረግ?» ሲለኝ «አዎ» የሚለውን ተጫንሁ። በዚህ የድሮ ጌም ሱቅ ሦስት ዓመት ስሠራ ለሰው የማስተምረው ሕግ አንድ ነው፦ እንዲያ ብሎ ከጠየቀ ሚሞሪው ቆሽሾ እንጂ ባዶ ሆኖ አይደለም። ንቀሉት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ መልሳችሁ ሰኩት። ራሴው ስልኬን እያየሁ ተጫንሁት።

ሚሞሪው የመምህር ስመኘው ነው፣ የመራዊው። ትናንት ፕሌይስቴሽናቸው ሲዲ አላነብ ብሏቸው ሲያመጡት «አደራ፣ ሚሞሪውን» ብለውኝ ነበር። ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ከተማሪነታቸው ጀምሮ የሚጫወቱት የኳስ ውድድር በሙሉ እዚያ ላይ ነው። ወንድምየው ዱርቤቴ ይኖራሉ። በአባታቸው መሬት ከተጣሉ ወዲህ አይጠያየቁም፤ ለፋሲካ ብቻ ተገናኝተው ይጫወታሉ። «ይኸም ባይኖር አንተያይም» ብለው ሳቁ።

ማድረግ ያለብኝ፦ ለጠጋኛችን ለሰይድ መንገር። ለመምህሩ መደወል። አንዱንም አላደረግሁም።

ረቡዕ

መምህሩ መጡ። ሰይድ ሲዲ ማንበቢያውን ሌንስ ቀይሮ ማሽኑን አሳምሮታል። የዕቃው ባለቤት ፊት ከፍተን ሳናሳይ አናስረክብም፣ ደንባችን ነው። ተከፈተ። ምንም የለም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ።

«የኔ ልጅ፣ የት ሄደ?»

«ባዶውን ነው የመጣ» አልሁ። አላመነታሁም እንኳ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። መምህሩ «እኔው ሳላውቅ አበላሽቼው ይሆናል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ወጡ። ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ሐይቁ ዳር ወርጄ ዓሣ አዘዝሁና ጥዬው ተነሣሁ።

ሐሙስ

ታላቅየው፣ አቶ አያሌው፣ ከመምህሩ ሰምተው ኖሮ በሱቁ ስልክ ደወሉ። ሚሞሪው እናንተ ዘንድ ነው የጠፋ ወይስ ባዶውን ነው የመጣ አሉኝ። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ስል አለቃዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ባዶውን ነው የመጣ።» ደገምሁት።

«አውቄዋለሁ። ሁለት ዋንጫ ስለመራሁት አውቆ ነው ያጠፋው። በመሬቱም እንዲሁ ነው ያደረገኝ። ለፋሲካ ደጄን እንዳይረግጥ።» ዘጉት።

እኔ እኮ ራሴን ብቻ ያዳንሁ መስሎኝ ነበር። ሰው ቤት ገብቼ ወንድማማቾች አጣላሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘም።

ዓርብ

ለሰይድ ነገርሁት። «ረቡዕ ነው ያወቅሁት» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«ራስሽ እስክትናገሪ ብዬ።» ጁምዓ ሊሰግድ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአለቃዬም ነገርሁ።  «ነገ ሥራ አትግቢ። ሄደሽ በአፍሽ ንገሪያቸው፣ በስልክ አይሆንም» አሉ። እሺ አልሁ። ትንሽ ቀለለኝ፣ አፍሬ እንኳ ቀለለኝ።

ቅዳሜ

መራዊ ሄድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ዳዊት እየደገምሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ይኸው ሌላ ውሸት።

መምህሩ ግቢያቸው ውስጥ ደብተር ያርማሉ። የተለማመድሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ዋሽቻለሁ» አልሁ ቆሜ።

ቁጭ በይ አላሉኝም። ቀይ እስክርቢቷቸውን ከደኑ፣ ስልካቸውን አወጡ፣ ደወሉና ሰጡኝ። «ለወንድሜ ንገሪልኝ። እኔን አላመነኝም።»

ነገርኋቸው።

«ትናንት ወዲያ ባዶውን ነው የመጣ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ዛሬ ምን ሰጥቶሽ ተገለበጥሽ?»

ይኸን አልጠበቅሁም ነበር። ልምል አሰብሁ፤ የኔን መሐላ ማን ይሰማዋል? «ምንም አልሰጡኝም። ያን ጊዜ ነው የዋሸሁዎት። ፊቴን አይተው ይፍረዱ፣ ዱርቤቴ ድረስ እመጣለሁ» አልሁ።

 

«ነይ» አሉ። «እሱንም ይዘሽው ነይ።»

መምህሩ ሰምተዋል። ደብተሮቹን እንደተዘረጉ ትተው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ይኸን የምጽፈው የዱርቤቴው መኪና እስኪሞላ ነው። ሁለት ሰው ቀርቷል። መምህሩ ከፊቴ ተቀምጠው ሰዓታቸውን ያያሉ።