አባትሽ ቡሬ ላይ ያለ ድምፅ የተወነ ዕለት

መቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኡርጌ ጭምዴሳ
ዱባይ

ኡርጌ ኮ፣ ኡርጌዬ፣ የሆዴ ልጅ፤ ሰውነትሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ በረድ አለልሽ? እኛ ጋ ዝናቡ ገና አልወጣም፤ ጭቃው እንደምታውቂው ነው። ይህን ደብዳቤ የላክሁልሽ እህቷን ልትጠይቅ ወዳላችሁበት በምትመጣው በጎረቤታችን በማህደር እጅ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስንነጋገር አባትሽ ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው።

«አባዬ ለምን አያናግረኝም? ተቀይሞኛል እንዴ?» እያልሽ ስትጠይቂኝ አምስት ወር ሆነ። እኔም አንዴ «ልምምድ ላይ ነው»፣ አንዴ «ተኝቷል» እያልኩ ዋሸሁሽ። አልተቀየመሽም፣ ልጄ። ድምፁ ሄዶ ነው። ግንቦት ላይ ጅማ ጉሮሮውን ቀዶ ጥገና አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲያስገቡት «ኡርጌ እንዳትሰማ» ብሎ በመድኃኔ ዓለም አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን ማፍረሴን የነፍስ አባቴ ይፍቱኝ።

የዚያን ድምፅ ታሪክ አንቺ የምታውቂው በከፊል ነው። በወጣትነቱ በቀበሌ ኪነት በአማርኛ ይተውን ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነና ግብርና ቢሮ መዝገብ ቤት ገባ። አንቺ አንደኛ ክፍል በገባሽበት ዓመት ባህል ቢሮ በኦሮምኛ ቴአትር ሊያሠራ ጠራው። ጽሑፉን ሲሰጡት ለካ በቁቤ ነው። የእናቱ ቋንቋ፣ በማያውቀው ፊደል! «መነጽሬን ረስቼዋለሁ፤ እቤት አነበዋለሁ» አላቸው። መነጽር ኖሮት አያውቅም። ከዚያ ከሥራ እንደተመለሰ ደብተርሽን አስከፍቶ አጠገብሽ ቁጭ ይላል። አንቺ ጣቱን በእርሳስ መታ እያደረግሽ፣ «አባዬ፣ ፊደሉ ሁለት ከሆነ ረገጥ አድርገህ አንብበው!» ትይዋለሽ። እኔ ሳቄን አፍኜ ጓዳ እገባ ነበር። በሁለት ወር ያንን ሁሉ ገጽ በቃሉ ወጣው።

ከዚያ በኋላ ጎሬ በይ፣ ያዮ በይ፣ ያልተጫወተበት አዳራሽ የለም። ያዮ መንገድ ላይ የቡድኑ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀር፣ የመድረክ ልብሳቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ገብተው ቡና በሚሰጣበት ሜዳ ለለቃሚዎቹ ተጫውተዋል። በቴሌቪዥን ድራማ ልጁን ከቤት የሚያባርር ክፉ አባት ሆኖ የታየ ጊዜ ደግሞ ገበያ ላይ ቅቤ ሻጯ «ላንተ አልሸጥም! መጀመሪያ ልጅህን መልሳት!» አለችው። ባዶ እጁን እየሳቀ መጣ። «ዘውዴ፣ ከዚህ በላይ ምን ሽልማት አለ?» አለኝ። ሶር ፏፏቴ ሥር በተቀረጸው ፊልም ልጁን ውሃ የወሰደበት አባት ሲሆን ግን፣ ያችው ሴትዮ ቅቤ ይዛ እቤት ድረስ ልታጽናናው መጣች።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው ዝም ያሰኙት።

ነሐሴ ላይ የቡድኑ አዘጋጅ ቶኩማ መጣ። መስከረም ላይ ከጎሬ ወዲያ፣ ቡሬ የሚወስዱት ቴአትር ነበር፤ አባትሽ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰች ልጁን የሚመርቅ ሽማግሌ ነው። ቶኩማ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ምርቃቱ ረጅም ነው። ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው» አለው። አባትሽ ወረቀት ስቦ ጻፈና አሳየው፦ «ቃሉን ቁረጥ፤ እኔን አትቁረጠኝ።»

ቶኩማ አንብቦ ጉልበቱን ሳመው።

እኔም ቡሬ አብሬ ሄድኩ። ቢወድቅ ላነሳው ብዬ እንጂ ቴአትር አምሮኝ አይደለም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያያል። ልጅቱ ገባች። አባትሽ አልሮጠም፣ አላለቀሰም። ሻንጣዋን ተቀበላትና ጥግ አስቀመጠው፤ ቦታው አልጥመው አለና አነሳው። ሌላ ጥግ ወሰደው፤ እዚያም አልጣመውም። እንዲህ ሲንከራተት ቆይቶ በመጨረሻ ሻንጣውን እንዳቀፈ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።

ያኔ ከተመልካቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ባጋ ናጋን ጋልቴ፣ ኢንታላ ኮ! እንኳን በሰላም ገባሽ፣ ልጄ!» ብለው ምርቃቱን እሳቸው ጀመሩለት። ሕዝቡም ብድግ ብሎ እየተቀበለ ይመርቅ ጀመር። በጽሑፉ ያለ መስሎኝ ቶኩማን ዞሬ ባየው፣ እሱም አፉን በእጁ ይዟል። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር አባትሽ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሆኖብኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ አባትሽ ተዋናይቷን የተቀበለ መስሎታል። እኔ ግን የማንን ሻንጣ እንዳቀፈ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጅማ ተመልሰን ነበር። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «እናቴ፣ ከእንግዲህ በዚህ መንገድ አታንገላቷቸው፤ እቤታቸው ይሻላቸዋል» አለኝ። ቀጠሮም አልሰጠን። መድኃኒቱንም ቀንሰውለት አሁን የሚወስደው ሕመም የሚያስታግሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ አትጨነቂ። አጥሚት ትንሽ ትንሽ ፉት ይላል። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ የጎረቤት ልጆች ይከቡትና በእጁ ብቻ ተረት ያጫውታቸዋል።

ለገና እመጣለሁ ብለሻል። ገና ጥሩ ነው፤ ግን በዓል ሲሆን ቲኬት ይወደዳል ይላሉ። ኅዳር ይሻላል። የኅዳር መጀመሪያ። ያኔ መንገዱም ደረቅ ይላል። አሠሪዎችሽ እሺ ካሉ ከዚያ ቀደም ቢልም አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

እግርሽ በሄደበት ቀና ይበልሽ፤ እጅሽ የያዘው ይባረክልሽ። እኛን እንዳስደሰትሽን ወልደሽ ደስ ይበልሽ።

እናትሽ
ዘውደነሽ