በበረዶው ባሕር ላይ ያበረርኳት ድሮንህ

ሙሉቀኔ፣

ከተለያየን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እንደምን ከርመሃል ልልህ ብዕሬን አነሳሁና አፈርኩ፤ አንተ ባለህበት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቅ አይጠየቅ እንጃ። እኛስ አለን። ስቱዲዮህን ለቅቄያለሁ፤ አሁን ልብስ ሰፊ ገብቶበታል። ካሜራዎችህ ቤት ናቸው፤ በየሳምንቱ አቧራቸውን አራግፋለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ልናዘዝልህ ነው። ያለህን አንድ ቪዲዮ ባሕር ውስጥ ልጥለው ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። የእናትህ ዓይን በራ! ባሕር ዳር ወስጄ ሞራውን አስወጣሁላቸው። ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ ምነው እንዲህ ከሳሽ ብለው ተቆጡኝ። ቀጥለው የጠየቁት አንተን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅህን እንጂ መልክህን አላዩም። ፎቶህን ሰጠኋቸው፤ ሳሙት፣ ደረታቸው ላይ አዋሉት፣ ማታ ግን መለሱልኝ። ፎቶ አይራመድም አሉኝ። አረማመዱ የአባቱን ሆነ ስትሉኝ ኖራችኋል፣ እስቲ እኔም በዓይኔ ልየው አሉ።

አይ አንተ! ስንቱን ሙሽራ ስትቀርጽ ኖረህ፣ ራስህ የምትራመድበት አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው ያለህ። ያውም እኔን ድሮን ማብረር ያስተማርከኝ ቀን፣ ከቡሬ ሰርግ ስንመለስ፣ ጤፉ የታጨደበት ማሳ ላይ። እሱም ከዚያች ከድሮኗ ሚሞሪ አልወጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ሲመጣ የሆነውን ታውቀዋለህ። እኛ አገር የድሮን ድምፅ የሚሰማ ሰው ቀና ብሎ መሳቁን ተወ። አንድ ቀን ጓሮ ልትፈትሻት ብታስነሳት፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ያሰጡትን በርበሬ በትነው ቤት ገቡና በራቸውን ቆለፉ። ሄደህ እግራቸው ላይ ወድቀህ ይቅርታ ጠየቅሃቸው። በርበሬውንም አብረን ለቀምን። ወንድምህ ይበልጣል ከኖርዌይ ሊጠይቀን ሲመጣ ከነሻንጣዋ አስያዝከው፤ ሰው በማይሸሻት አገር አብርራት አልከው። ብዙም ሳትቆይ ታመምክ።

እሱም አላበረራትም። ሚሞሪውን ላክልኝ ስለው ሻንጣዋን እጄ አይነካም፣ ነይና ራስሽ ውሰጅው አለኝና ጠራኝ። በመጋቢት ሄድኩ። ያለበት የኖርዌይ የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ዓሣ የሚያጥቡበት መንደር፣ ጥቂት ቤት፣ የቀረው በረዶ። አፍንጫዬ ከኔ ጋር መኖሩን በእጄ እየዳሰስኩ ነበር የማረጋግጠው።

እንግዲህ ጥፋታችንን ስማ። ስደርስ ሻንጣዋ እኔ የማድርበት ክፍል ተቀምጣለች። እኔ ይበልጣል ሚሞሪውን አውጥቶ አኑሮልኛል ብዬ አሰብኩ። እሱ ደግሞ ሻንጣዋ የምታድረው እሷ ጋ ነው፣ አውጥታዋለች ብሎ አስቧል። ልጠይቀው ስል ዓይኑን አይና፣ ያለቅስብኛል ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። እሱም እንደዚያው። ሳምንት ሙሉ ስለ ዓሣና ስለ ብርድ ስናወራ ከረምን። ይሉኝታ ገደለን ሙሉቀን!

አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠራ፣ የወንድሜን ቃል እንፈጽም አለኝ። እዚህ ማንም አይፈራትም ብሎ ቢምልልኝም እኔ አልቻልኩም፤ እትዬ ብርቄ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ከሰው እንራቅ አልኩት። በትንሿ ጀልባው ባሕሩ መሀል ወሰደኝ፣ ሞተሩን አጠፋ። ባትሪዋን ከብብቴ አውጥቼ ከተትኩ። ከጀልባዋ ወለል ላይ ስትነሳ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ጎንበስ አልኩ። እኔው አስነስቻት እኔው ጎንበስ!

ከዚያ ወጣች። ተራራው ሁሉ ነጭ፣ ውሃው ጥቁር፣ የኛ ጀልባ መሀሉ ላይ። ይበልጣል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ብዙ ሳንቆይ ሪሞቱ ላይ በሰካነው ስልክ ቀይ ማስጠንቀቂያ መጣ። ብርዱ ባትሪዋን ጨርሶታል። እንዳስተማርከኝ የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ዞረች፣ መጣች፣ እሰይ አልኩ። ግን ወደ እኛ አልመጣችም። እሷ የምታውቀው የተነሳችበትን ቦታ ነው፤ እኛን ደግሞ ነፋሱ ሁለት ማሳ ያህል ወስዶናል። ባዶው ባሕር ላይ ቆማ መውረድ ጀመረች።

ይበልጣል ትሂድ፣ ዕቃ ናት አለ። ቀጠለና፣ መቼም ሚሞሪውን አውጥተሻል አለኝ። ፊቴን አየና ገባው።

የሞተሩን ገመድ ሳበ፤ እምቢ። ደግሞ ሳበ፤ እምቢ። እኔ በአውራ ጣቴ ወደ ላይ እገፋታለሁ፤ ትንሽ ትቆማለች፣ ትወርዳለች። የእመቤቴን ስም ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። በሦስተኛው ተነሳ። ጀልባዋ ስትፈተለክ እኔ ጫፉ ላይ በጉልበቴ ቆምኩ። ልንደርስ ስንል ውሃውን በነፋሷ ማረስ ጀምራለች። ሪሞቱን ጣልኩና በሁለት እጄ ዘልዬ ያዝኳት። ክንፎቿ ሦስት ጣቴን ተለተሉት፤ አልለቀቅኳትም። ይበልጣል በካፖርቴ ባይዘኝ ኖሮ ደብዳቤውን ትተን በአካል እንገናኝ ነበር።

ጀልባዋ ወለል ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን። ሳምንት ሙሉ የሸሸነው ለቅሶ እዚያ ወጣ። እሱ ጣቴን እየጠቀለለ ያለቅሳል፣ እኔ እየደማሁ እሱን እሰድበዋለሁ። ምነው አልጠየቅኸኝም ስለው፣ ምነው አንቺስ አለኝ።

ፍኖተ ሰላም ቤታችን እንደገባሁ እናትህን አጠገቤ አስቀምጬ ኮምፒውተርህን ከፈትኩ። ቪዲዮው ድምፅ የለውም። አንተ ማሳው ላይ ቆመሃል፣ አፍህ ይንቀሳቀሳል፤ ቀስ በይ እያልክ ስትጮኽብኝ ነው። ከዚያ እኔ ድሮኗን ከፍ አደረግኋት። አነስክ። አሁንም አነስክ። ገለባው መሀል ነጥብ ሆንክ። እናትህ እጃቸውን ስክሪኑ ላይ ጣሉና አቁሚው አሉኝ። ያንን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ጣቴን አድምቼ፣ ልጃቸውን ሁለተኛ የቀበርኩባቸው መሰለኝ።

ቪዲዮውን ወደ መጨረሻው ወሰድኩት፣ ድሮኗን ወደማወርድበት። ነጥቧ ሰው ሆነች። ሰውየው አንተን ሆነ። ግራ ትከሻህን ዘንበል አድርገህ፣ እየሳቅህ፣ እጅህን ዘርግተህ ወደ እኛ ተራመድክ። ፊትህ ስክሪኑን ሲሞላው እናትህ ብድግ አሉ። አባቱን፣ አባቱን አሉ።

ሙሉቀኔ፣ አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ይጠሩኛል። ላንተም ለሳቸውም የገባሁት ቃል ይህ ነው፤ በጠሩኝ ቁጥር እከፍተዋለሁ፣ እሳቸው ባይኖሩም ለብቻዬ እከፍተዋለሁ። የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መሄዱን ተይው ልጄ፣ መምጣቱን አሳዪኝ።

ያንተዋ ባንቻየሁ