ለዒድ የተፈታ መጋረጃ

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምና የአላህ እዝነት ካንቺም ከቤትሽም አይለይ። እንኳን ለዒድ አደረሰሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ቅባቱን ጠዋት ጠዋት እሺው እንጂ ሲያምሽ ብቻ አትፈልጊው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ መቀመጥ ብቻ አልሆነልኝም።

ከዒድ ማግስት እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። ሻንጣዬንም ቆልፌ በሩ ሥር አቁሜው ነበር። የዚህ ቤት ባለቤት፣ የልጄ አማት፣ ረመዳኑን ሙሉ አንዲት ሳህን አላስነካችኝም። ማንኪያ ባነሳ፣ "ኧረ እንግዳችን፣ ይቀመጡ" ትላለች። ልጄም ከእሷ ጋር ወግኖ ዕረፊ ይለኛል። ሰው እጁን አጣጥፎ ሲጾም ዓይኑ ሥራ ይፈልጋል። የእኔ ዓይን የሳሎኑ መጋረጃ ላይ ወደቀ። ለበዓሉ ራሷ ሰፍታው፣ ጠርዙ እባብ የሄደበት ይመስላል። የስፌት አስተማሪያችንን ታውቂያታለሽ፤ እንዲህ ያለውን በጥርሷ ነበር የምትፈታው።

ሴትዮዋ ገበያ ስትወጣ አወረድኩና ተረተርኩት። ጾሙ ገና አንድ ቀን ይቀረዋል፣ ነገ እሰፋዋለሁ ብዬ ነበር። አፍጥረን ሳንነሳ ጨረቃ ታየች ተባለ። ቤቱ በደስታ ሲደበላለቅ እኔ የተፈታ ጨርቅ ታቅፌ ቀረሁ። እሷ ባዶውን መስኮት አየች፣ ጨርቁን አየች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወጥ ቤት ገባች። ዱላ ይሻለኝ ነበር።

ከሶላት መልስ እንግዳው ጎረፈ፤ ፀሐዩም ገብቶ የሰዉን ዓይን ይወጋል። አንዲት ጎረቤት፣ መጋረጃ ለማጠብ ዒድን ጠበቃችሁ ወይ ብላ አሾፈች። እኔ ሻንጣዬን እንደማየት አልኩ። የቤቱ ባለቤት ሻዩን እየቀዳች፣ "እህቴ ናት የፈታችው። ሰፍታ ሳትጨርስ የትም አትሄድ" አለች። መርፌና ክር አምጥታም ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ጎረቤቷን አንዱን ጫፍ አስያዝኳት፤ ያሾፈ ይሥራ።

ከምሳ በኋላ ሰቀልነው፤ ቀጥ ብሏል። ሳህኑንም አብረን አጠብን። እኔ ሳጥብ እሷ ታለቀልቃለች፤ በደንብ እንደማታለቀልቅ ነገርኳት።

የመኝታ ቤቶቹን መጋረጃ ግን ባየሽው! ሁሉም የእጇ ሥራ ነው።

ሻንጣው መንገድ ዘጋ ብለው ወደ ውስጥ አስገብተውታል። አንቺ ጋ ያለውን የክፍሌን መስኮት ክፈቺው፣ አየር ይግባበት። ትልቋ ልጅሽ ለብቻዋ መተኛት ትፈልግ የለ? ትግባበት። አልጋውን ግን ግድግዳው ላይ እንዳታስጠጋው፣ ይረጥባል።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ዓይንሽ የሚያነባው ለደስታ ብቻ ይሁን።

ታላቅ እህትሽ