የእናቴ ሳሎን ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ

ሴፕቴምበር 4
የቃሪያ ሰሞን ነው። ከተማችን ሩሴ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠበሰ ቀይ ቃሪያ ትሸታለች። እማ ደወለች፦ "ነይና ላጪልኝ፣ ብቻዬን አልጨርሰውም።" ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ላጥን፣ ጎረቤት አማን። ጣቶቼ እስካሁን ቀይ ናቸው።
የጋለሪው ኃላፊ ቬሴሊን ለኤግዚቢሽኑ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቶኛል። ሐሳቡ፦ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የሚመጡ ሰዎች የእኛን ዘመን ቆፍረው ቢያገኙት ምን ይሉን ይሆን? ሌሎቹ ሠዓሊዎች ስልኩንም መኪናውንም ተሻምተውታል። እኔስ? ገና ምንም...

ሴፕቴምበር 8
አገኘሁት! የእማ ሳሎን። እንዳለ ነቅዬ እወስደዋለሁ።
ስነግራት ሳቀች።
"ይኼን ኮተት ማን ሊያየው?"
"ሰው ነዋ።"
"ሰው የራሱ ኮተት የለውም?"
ግን ደስ ብሏታል። ታስታውቃለች።

ሴፕቴምበር 19
ዕቃውን ጫንን። ቴሌቪዥኑን ከነዳንቴሉ፣ በላስቲክ የተጠቀለለውን ሪሞት፣ ትንሿን የቃሪያ መጥበሻ ምድጃ ("ቀድሜ ባልጨርስ ኖሮ አልሰጥሽም ነበር!")፣ ሶፋውን። ሶፋው ጫፍ ላይ የወንድሜ የኦግኒያን አንሶላና ትራስ ታጥፎ ተቀምጧል። ሁሌም እዚያው ነው። ድንገት ቢመጣ ብላ።
"እሱንም ልውሰድ?"
ትራሱን መታ መታ አደረገች። "ውሰጂው። ንጹሕ ነው፣ ትናንት ነው የቀየርኩት።"

ሴፕቴምበር 25
ከየዕቃው አጠገብ የሚሰቀሉትን ጽሑፎች ጻፍኩ። የወደፊቶቹ ሊቃውንት ሆኜ።
መጥበሻው፦ "ትንሽ የቤት ውስጥ መሠዊያ። በመከር ወራት ብቻ ይነድ ነበር።"
ሪሞቱ፦ "ከእጅ የማይለይ ክታብ። ክፉ ዓይን እንዳያገኘው በላስቲክ ይጠቀለላል።"
ቬሴሊን እንባው እስኪወርድ ሳቀ።
የአንሶላው ግን አስቸገረኝ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ጻፍኩ። በመጨረሻ፦ "ለእንግዳ የተዘጋጀ መኝታ። እንግዳው ስለመምጣቱ ማስረጃ አልተገኘም።"
"ይቺ ከሁሉም ትበልጣለች" አለ ቬሴሊን። ተውኳት። ደግ አደረግሁ?
ኦግኒያን ስፔን አልሜሪያ ነው፣ ቲማቲም እርሻ ላይ። አባባ ሲሞት ለቀብሩ አልመጣም። ለምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅነውም። ከዚያ ወዲህ "ለገና እመጣለሁ"፣ "ለፋሲካ እመጣለሁ"... እማ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። አንሶላውን ትቀይራለች። በቃ።

ኦክቶበር 3
የመክፈቻው ዕለት። ሰው ግጥም ብሎ ነበር። እማ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የሠርግ ካፖርቷን ለብሳ መጣች። መሠዊያው ጋ ስትደርስ ቤቱን በሳቅ አናጋችው። "አይ አንቺ! እግዜር ይይልሽ!" ለማያውቁት ሰዎች ሁሉ "የኔ ነው፣ ሁሉም የኔ ነው" ትላለች።
ከዚያ ሶፋው ጋ ደረሰች። መነጽሯን አደረገች። አነበበች። ደግማ አነበበች።
"ማስረጃ አልተገኘም?"
"እማ፣ ቀልድ እኮ ነው..."
"ቀልድ አይደለም።"
ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ተከትያት መሮጥ ነበረብኝ። አንድ ጋዜጠኛ ያዘኝ።

ኦክቶበር 5
ስልክ አታነሳም።

ኦክቶበር 6
ጽሑፉን አወረድኩት። ቬሴሊን ተናደደ። ይናደድ።

ኦክቶበር 9
ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ባዶው ሳሎን ውስጥ ድምፃችን ያስተጋባል። ወጥ ቤት ተቀመጥን፣ ሻይ ቀዳችልኝ።
"አውርጄዋለሁ" አልኳት።
"መልሰሽ ስቀዪው።"
"እማ..."
"እውነት ነዋ። ማን ተኝቶበት ነው በየሳምንቱ የማጥበው?"
ሻዬን አማሰልኩ።
"እሱ አይመጣም፣ ራዲ" አለች። "አፍሯል። አባቱን ያልቀበረ ሰው ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ይረዝምበታል። እኔ ግን የማፍርበት ነገር የለኝም። አውቶቡሱ ከየት ነው የሚነሳው?"
"የምን አውቶቡስ?"
"የስፔን።"
ቀናት የሚፈጅ መንገድ ነው አልኳት። ጉልበትሽስ?
"ጉልበቴን እዚህም ያመኛል።"

ኦክቶበር 15
ሸኘኋት። ቦርሳዋ ከእሷ ይከብዳል። አድራሻውን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመት ጥቅል ልካበታለች።
"ነግረሽዋል?"
"ዋ! እንዳትነግሪው። ከነገርሽው 'ቆይ፣ እኔ እመጣለሁ' ይላል።"
አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጇን አላወዛወዘችም። ጎኗ ከተቀመጠችው ሴት ጋር ወሬ ጀምራለች።

ኦክቶበር 17
ከሌላ ሰው ስልክ ደወለች። ፈረንሳይ ገብተዋል። ሾፌሩ ጨዋ ነው፣ ሚስቱ ግን ፈታዋለች አሉ፣ ያሳዝናል... እግርሽስ? "እግሬ አለ።"

ኦክቶበር 18
ጠዋት ኦግኒያን ደወለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።
"ራዲ... ሥራ ልሄድ በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።"
"ምን አለችህ?"
"ቁርስ በልተሃል ወይ አለችኝ።"
"አንተስ?"
"አልበላሁም አልኳት።"
ከኋላ እማ ስትጮህ ይሰማል፦ "ዝጋና ና! እንቁላሉ ቀዘቀዘ!"

ኖቬምበር 1
ኤግዚቢሽኑ ትናንት ተዘጋ። አልሄድኩም። ቡካሬስት አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። አብረው መጡ። ኦግኒያን ሸብቷል። በመኪና ስንመለስ፣ ድንበራችን የሆነው የዳኑብ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ከፈተና እስክንሻገር ሳይዘጋው ቆየ። እማ "ይበርዳል" አላለችም።

ኖቬምበር 7
የሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ። ሦስታችንም መቃብሩ ጋ ሄድን። የተቀቀለ ስንዴ፣ ወይን፣ ሻማ። ነፋሱ ሻማውን አላስበራ አለን። ኦግኒያን ተንበርክኮ በካፖርቱ ከለለው፣ በራ።
"ነይ፣ እንሂድለት" አለችኝ እማ።
ራቅ ብለን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ምን እያለው ይሆን? ጆሮዬን አቀናሁ።
"አታዳምጪ" አለችኝ።
ብዙ ተናገረ። ወይኑን አፈሰሰ፣ ደግሞ ተናገረ። ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይመለስ።
ዞር ስል እማ ትከሻዬን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። በዚያ ብርድ። አልቀሰቀስኳትም።