የጥቁሩ ሸሚዜ ቁልፍ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ታነክሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ሚጣዬ መድኃኒቷን አላቋረጠችም፤ እኔም ያው ስፌት ቤት፣ ያው የመኪና ጩኸት።

እማዬ፣ ዛሬ ግን ጉድ ልንገርሽ። አባዬ ካረፈ ሰባት ወሩ። «እህትሽ ሚጣ እንዳትሰማ! የእሷ ስሜት እንኳን ይህን ሌላም አይችል» ብለሽ አስምለሽኛል። መሐላዬን ጠብቄአለሁ። ጥቁሩን ሸሚዝ ሥራ ቦታ እለብሰውና ወደ ቤት ስመለስ ቦርሳዬ ሥር እቀብረዋለሁ። ደብዳቤሽ ሲመጣም «አባታችሁ ሰላም ብሏችኋል» የምትይውን ድምፄ ሳይሰበር አነብላታለሁ። አንድም ቀን አላለቀስኩም። ኮርቼም ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።

ማክሰኞ ለሚጣዬ ሕክምና ክትትል ሄድን። ሐኪሟ የስሜት ሕመም ያለበትም የሌለበትም ሰው ስለ ስሜት ምን እንደሚያምን እያነጻጸርን ነው ብላ ለሁለታችን አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠችን። ጤነኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። «ሐዘን አንዴ ከገባ አይወጣም» ይላል። እውነት አልኩ። «ያለቀሰ ሰው ይፈርሳል።» እውነት። «ስሜትን መደበቅ ጥንካሬ ነው።» ይህማ ይጠየቃል እንዴ!

ከዚያ የእሷን አየሁ። ሁሉም ላይ ሐሰት! ምነው ብላት፣ «እኔ እኮ ሲመጣም ሲሄድም ስንቴ አይቼዋለሁ። አንቺ አስገብተሽው ስለማታውቂ ነው የምትፈሪው» አለችኝ። እማዬ፣ ይቺ እንደ እንቁላል የያዝናት ልጅ! ግርጌው ላይ ደግሞ በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቷ፣ «የዘንድሮው ሐዘን ከሁሉም ከበደኝ። እህቴ ሥራ ስትሄድ አለቀስኩት፤ አሁን ቀለል እያለኝ ነው» ብላለች።

ቤት እንደገባን ሸሚዙን አወጣሁ። የላላ ቁልፍ ነበረው። ከወራት በፊት ጠብቆ ሳገኘው የሥራ ጓደኛዬ የተከለችልኝ መስሎኝ አመስግኛታለሁ፤ እሷም አይን አውጣ፣ ምስጋናዬን ዝም ብላ ተቀበለች! ገልብጬ አየሁት። ክሩ ሦስቴ ተጠምጥሞ ቋጠሮው ከሥር ተደብቋል። እንዲህ አድርጊ ብለሽ ያስተማርሽው ሚጣዬን መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ።

ሸሚዙን እንደያዝኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መሐረቧን አቀበለችኝ።

እባክሽ ነይልን። እስክንገናኝ ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልን፣ ጉልበትሽንም ያጽናልን። እስከዚያ ከጻፍሽም የአባዬን ሰላምታ አትጨምሪበት።

ጤነኛዋ የምትያት ልጅሽ