የወልዴ በገናና የፀጋ ማይክ

ሰኞ፣ ጥር 25
የሽሮ ሜዳ ገበያ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። አንድ ጋቢ ብቻ ሸጬ ገባሁ። ወልዴ ሸማውን እየሠራ ነው። ከበር ጀምሬ ጠራሁት... አልሰማኝም። ትከሻውን ስነካው ደነገጠ። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ባሌን የማወራው እየጮህኩ ነው። ምን እንደምናበስል እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እየበላን ሳለ ነገረኝ። በገናውን ለሰንበት ትምህርት ቤት ሊሰጥ ነው። ጾሙ ሳይገባ። "መቃኘት ካቃተኝ ምን ያደርግልኛል? ሁዳዴን ሙሉ ተሰቅሎ ላየው ነው?" አለ። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ይቺን ቤት የሚሞላት እሱ በገና አልነበር?

ረቡዕ፣ ጥር 27
ለፀጋ ነገርኳት። ልጄ ስቱዲዮ ነው የምትሠራው፣ ድምፅ ትቀዳለች። ከጆሮ ኋላ አጥንት ላይ የሚቀመጥ ማዳመጫ አለ አለችኝ። በአጥንት ያሰማል። በአጥንት? ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ቅዳሜ፣ ጥር 30
የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ማይክ አምጥታ የበገናው ሳጥን ላይ ለጠፈች። ድምፁ ከማይኩ ወደ ስልኳ፣ ከስልኳ ወደ ማዳመጫው ይሄዳል። ወልዴ ደረደረ። ፊቱ በራ፣ ሰምቷል። ወዲያው ግን እጁን አነሳ። "ይሄ በገና አይደለም።"

ፀጋ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ለካ ጫጫታ የሚያጠፋ ማጥሪያ ከፍታ ኖሯል። የስቱዲዮ ልማድ። ማጥሪያው የበገናውን ንዝረት ጫጫታ መስሎት ጠርጎታል። ያንን ንዝረት እኮ ነው ወልዴ በየአውታሩ ሥር ትንሽ ቆዳ እያስገባ ሲያበጅ የሚውለው! የበገና ደርዳሪ ልጅ ሆና... ልቆጣ ነበር፣ ሳያት አሳዘነችኝ። እሱ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ሸማው ተመለሰ። "ተይው ልጄ" ብቻ አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 6
አልተወችውም። ማጥሪያው ሲጠፋ ደግሞ የጎረቤቱ የሸማ ዕቃ ኳኳታ፣ የመንገዱ ጩኸት፣ ሁሉም አብሮ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱን አውታር ለብቻው እየመታች ትቀዳለች። ስልኩን "ይሄን አትንካ" ብላ ታስተምረዋለች። ስልክ ይማራል እንዴ? እልኋ የአባቷ ነው፣ ክር ሲበጠስበት ቁጭ ብሎ እንደሚቀጥለው። ኮራሁባት።

መጨረሻ ላይ እኔን ጠራችኝ። የበገናው ሳጥን አጠገብ፣ ማይኩ ጋ ሆነሽ የአባዬን ስም ጥሪ አለች። ልጮህ ስል ከለከለችኝ። "ቀስ ብለሽ እማዬ። እንደ ድሮው።" እንደ ድሮው እንዴት ነበር የምጠራው? ረስቼዋለሁ። ደጋግሜ ጠራሁ፣ እያፈርኩ። ቀዳችውና ስልኩን "ይሄንንም አትንካ" አለችው።

ሰኞ፣ የካቲት 9
ሁዳዴ ገባ።

ትናንት ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ስብሐት የሚባለው ልጅ በገናውን ሊወስድ መጥቶ ነበር። ፀጋ አንዴ ብቻ ሞክርልኝ ብላ አባቷን ለመነች። ማዳመጫውን አደረገ። አንዷን አውታር መታ፣ አላላት፣ ደግሞ መታት። ሌላዋን ጠበቅ አደረጋት። ቆዳዋን ወዲህ ወዲያ ገፋ አድርጎ አደመጠ። ራሱ እየቃኘ ነው! ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ መዝሙር ጀመረ። እንባዬ መጣ። ፀጋ ግን የምታየው ስልኳን ብቻ ነው፣ ትንፋሿን ውጣ። ስብሐት እስኪጨርስ ጠብቆ ባዶ እጁን ሄደ። ደስ ብሎት።

ዛሬ ከገበያ ስገባ እየደረደረ አገኘሁት። እንደ ልማዴ ልጮህ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሳጥኑ አጠገብ ጎንበስ አልኩ።

"ወልዴ" አልኩት፣ ጎረቤት በማይሰማው ድምፅ።

እጁን ከአውታሩ ሳያነሳ፣ "አቤት ሰርክዬ" አለኝ።